እሷ ያሸነፈችባቸው ጨዋታዎች

ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ስልኬን ብበረብረው እሷ ያለችበት ነገር ብዙም አላገኘሁም። በስልክ ብዙ የምናወራ ሰዎች አልነበርንም። እሷ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ሳስተምር እንውላለን፤ ምሳ ሰዓት ላይ "በላህ?"፣ "በላሁ፤ አንቺስ?" ብለን እንዘጋለን። ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር። ያለችበት ቪዲዮ የሠርጋችን ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አቀርቅራ ነው የምትታየው። ከዚህ ሌላ የቀሩኝ የጨዋታ ፋይሎች ናቸው።

ጨዋታው የኮምፒውተር ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ካርታ ላይ፣ አንዱ ከወንዙ ወዲህ፣ ሌላው ከወንዙ ወዲያ፣ ጥቂት ቤትና ጥቂት ሠራተኛ ይዘው ይጀምራሉ። ዛፍ ያስቆርጣሉ፣ ያሳርሳሉ፣ ድንጋይ ያስፈልጣሉ። ሀብት ሲጠራቀም ወታደር አሠልጥነው አንዱ የሌላውን ከተማ ለመያዝ ይሞክራል። እኔ ተማሪ ሆኜ ዶርም ውስጥ የለመድኩት ነው። ስንጋባም ላፕቶፔ ላይ ነበር፤ እሷ ግን ዞር ብላም አታየው። "ትልቅ ሰውዬ ተቀምጦ ጎጆ ይሠራል" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

እሷን ጨዋታ ላይ ያስቀመጣት ጊዜው ነው። ሰዓት እላፊ የታወጀበት፣ ኢንተርኔት የተዘጋበት፣ አንዳንድ ቀን ከሩቅ ተኩስ እየሰማን በራችንን ዘግተን የምንቀመጥበት ጊዜ ነበር። ቤታችን ቁስቋም ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለታችንም እንገባለን። ቴሌቪዥን መክፈት ያስጨንቃል፤ ስልክ ላይ የሚታይ ነገር የለም። አንድ ቀን ለትምህርቷ የገዛነውን ላፕቶፕ ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእኔው ፊት ለፊት አስቀመጠችው።

"በል እንግዲህ፣ ጎጆ መሥራት አስተምረኝ" አለችኝ።

ጨዋታውን ከእኔ ላፕቶፕ በፍላሽ ገልብጬ ጫንኩላት። ሁለቱን ኮምፒውተሮች በአንድ ኬብል አገናኘኋቸው። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

መጀመሪያ ሰሞን ቶሎ ቶሎ አሸንፋት ነበር። ወታደር ማሠልጠን ትረሳለች፤ ሠራተኞቿ ሥራ ፈትተው ከቆሙ ግን ያንገበግባታል። "እስቲ ጠብቀኝ፣ ይቺ ሴትዮ ዝም ብላ ቆማለች" ትለኛለች። እኔ አልጠብቅም። በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። እርሻዎቿን በረድፍ በረድፍ፣ መድኃኒት መደርደሪያ ላይ እንደምታሰናዳው አድርጋ ትዘረጋቸዋለች። ሁሉ ነገር ሳይሟላ አትነሳም። ስትነሳ ደግሞ እኔ በማልጠብቃት በኩል፣ ወንዙን ከላይ ዞራ ትመጣለች። ከተማዬ ሲቃጠል ከስክሪኑ በላይ ቀና ብዬ አያታለሁ። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛለች።

"ከየት መጣሽ አንቺ?"

"ከሳንጃ" ትላለች። የትውልድ አገሯ ነው።

አንድ ጨዋታ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ እንደገና ለማየት የሚሆን ፋይል ላስቀምጥ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሪፕሌይ ይባላል። እሷ የምታስቀምጠው ያሸነፈችበትን ብቻ ነበር። የተሸነፈችበትን ለምን እንደማታስቀምጥ ብጠይቃት "ማን ሊያይልኝ?" አለችኝ። ለእያንዳንዱም ስም ታወጣለታለች፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። "መብራት የመጣ ቀን" የሚል አለ። "መምህሩ ተናደደ" የሚል አለ። "ሽሮ ያረረበት" የሚል አለ። እውነትም ያን ቀን ምድጃ ላይ የተጣደው ሽሮ ሁለታችንም ረስተነው አርሯል፤ ዳቦ በሻይ በልተን ነው የተኛነው።

ልቧን ያመማት ከልጅነቷ ነው። ሳንጃ ተማሪ ሳለች የጉሮሮ ሕመም እየተመላለሰባት፣ በጊዜው ሳትታከም ቀርታ ለልቧ ተረፈ። አንደኛው የልቧ በር በደንብ አይገጥምም ነበር። ይህንን ከመጋባታችን በፊት ነግራኛለች፤ መውለድ እንደሚያሰጋትም ነግራኛለች። አውቄ ነው ያገባኋት። በየወሩ መርፌዋን ትወጋለች፣ ክኒኗን ትውጣለች፣ የቁስቋምን ዳገት ቀስ ብላ ሁለት ሦስት ጊዜ እያረፈች ትወጣለች። ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ወረፋ ተይዞላት ነበር። እየጠበቅን ነበር።

ክረምቱ ሲገባ እግሯ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ትራስ ደርባ ትተኛ ነበር፤ ቆይቶ ተቀምጣ ካልሆነ እንቅልፍ እምቢ አላት። ሐኪሞቹ ከምትሠራበት ክፍል በላይ ባለው ፎቅ አስተኟት፤ ጓደኞቿ ጋዋናቸውን እንደለበሱ በሥራ መሀል ብቅ እያሉ ያዩዋታል። ለእነሱ የትኛው መድኃኒት በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ትነግራቸው ነበር። የሞተችው ጠዋት ላይ ነው። እጇን ይዤ ነበር። ወረፋዋ አልደረሰም።

ቁስቋም ቀበርናት። አርባዋ ሲወጣ እናቷና ታናሽ እህቷ ዕቃዋን ለዩ። ልብሷ ለድሃ ተሰጠ፤ ነጠላዋን እናቷ ወሰዱ። ላፕቶፗን እህቷ ብትወስደው ይሻላል አልኩ፤ ሳንጃ ጤና ጣቢያ ነርስ ስለሆነች ለትምህርት ይጠቅማታል ብዬ ነው። ሪፕሌዮቹን ብቻ ወደ እኔ ኮምፒውተር ገልብጬ አስቀረሁ። ሌላ የምፈልገው ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ከዚያ በኋላ ለወራት አልከፈትኳቸውም። አለመክፈቴ ሆን ብዬ አይደለም። ከሥራ ስመጣ ራት እበላለሁ፣ የተማሪ ፈተና አርማለሁ፣ እተኛለሁ። በመካከሉ ኢንተርኔቱ ተከፈተ። ቢሮ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት የተጠራቀመውን ሁሉ ያወርድ ጀመር። የእኔም ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ ክፍት ሆኖ ሲውል የዘገየበትን ሁሉ ራሱ ሲያድስ ውሏል። ጨዋታውንም አድሶታል። እኔ ልብ አላልኩም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዝናብ ከቤት አላስወጣ አለኝ። ላፕቶፑን ከፈትኩና "መብራት የመጣ ቀን" የሚለውን ነካሁት። በቀይ የተጻፈ መልእክት ብቅ አለ፤ ይህ ሪፕሌይ በሌላ የጨዋታው እትም፣ በሌላ ቨርዥን የተቀመጠ ስለሆነ ሊከፈት አይችልም ይላል። ሌላውን ሞከርኩ። ያው ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ሞከርኳቸው፤ እያንዳንዱ ስሟን፣ ስሜን፣ የካርታውን ስም ያሳየኝና እምቢ ይለኛል።

ሪፕሌይ ቪዲዮ አይደለም። ቪዲዮ ቢሆን ኖሮ ባገኘሁት ነገር እከፍተው ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ በዚህ ሰዓት ይህንን ሠራተኛ ወደዚህ ዛፍ ላከችው፣ በዚህ ሰዓት እዚህ ጋ እርሻ አዘዘች፣ በዚህ ሰዓት ወደ ወንዙ አየች። ጨዋታው ያንን እያነበበ ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው እንደገና ይሠራዋል። ስለዚህ ጨዋታው ራሱ ያኔ እንደነበረው መሆን አለበት። የአንድ ወታደር ፍጥነት እንኳ ከተቀየረ ያኔ የሆነው ነገር አሁን አይሆንም።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ አሮጌዎቹን ቨርዥኖች መፈለግ ጀመርኩ። የጨዋታው ሠሪዎች የተወሰኑትን ድረ ገጻቸው ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ቢሮ የሚጋራኝ ባልደረባዬ ቀና ብሎ አየኝ።

"ምን ስታወርድ ነው የዋልከው?"

"ጨዋታ ነው።"

"ጥሩ አድርገሃል። ትንሽ ዘና በል እንጂ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጨዋታው ምንም አልጠየቀኝም፤ ድምፁ ግን ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ሆነብኝ።

አንዳንዱ ቨርዥን ጭራሽ አልከፍት አለ። አንዱ ግን፣ የእኛ ነው ብዬ የገመትኩት፣ ከፈተ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሻይ አፍልቼ፣ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ካርታው መጣ። በቀኝ በኩል የእሷ ቤቶች፣ በግራ የእኔ። የእሷን ዕይታ መረጥኩ፤ ሪፕሌይ ላይ የአንደኛውን ሰው ዕይታ መርጦ፣ እሱ ያየውን ብቻ እያዩ መከተል ይቻላል። የማውሷ ቀስት ተንቀሳቀሰች። የመጀመሪያዋን ሠራተኛ ነካች፤ ወደ ጫካው ላከቻት። ያቺ ቀስት እጇ ናት። ሻዩን አላነሳሁትም።

ለጥቂት ደቂቃ ሁሉ ነገር ልክ ነበር። እርሻዎቹ በረድፍ ወጡ። ከዚያ አንዲት ሠራተኛ ዛፍ ልትቆርጥ ሄዳ ዛፉ ጋ ሳትደርስ ቀረች። ትንሽ ነገር ናት። እንጨቱ በሰዓቱ ስላልደረሰ ቀጥሎ ያዘዘችው ቤት ሳይሠራ ቀረ፤ ቤቱ ስላልተሠራ የሚቀጥሉት ሠራተኞች አልተወለዱም። እሷ ግን ይህንን አታውቅም። ቀስቷ የሌሉ ሰዎችን ትመርጣለች። ባዶ ሜዳ ላይ ትእዛዝ ትሰጣለች። እርሻ ባልሆነ መሬት ላይ እህል ሰብስቡ ትላለች። በመጨረሻ ወታደሮቿን ወንዙን አሻግራ ልትልክ በነበረበት ሰዓት የእኔ ወታደሮች፣ ያን ቀን ያላደረጉትን፣ መጥተው ከተማዋን አቃጠሉት። ቀስቷ አሁንም አልቆመችም። የተቃጠለ ቤት ላይ ሆና፣ እንደሚያሸንፍ ሰው፣ ረጋ ብላ ታዛለች።

ዘጋሁት። እሷ በሞተች ቀን ለቀስተኛ ፊት ስለነበርኩ አላለቀስኩም ነበር። ያን ማታ ግን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ስረጋጋ አሰብኩት። እኛ የነበረን ቨርዥን ኢንተርኔት ሊዘጋ ሲል የወረደ ነው፤ ስህተት ስለነበረበት ሠሪዎቹ ወዲያው በሌላ ተክተውት ከድረ ገጻቸው አንስተውታል። ዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ በዚያው ሰሞን አድሶታል። ያላደስነው ኔትወርክ የተዘጋብን እኛ ነን። በእኔ ላፕቶፕ ላይ የነበረው ጠፍቷል። የቀረው የእሷ ነው።

እህቷ ጋ ደወልኩ። እህቷ እንደ አገሯ ልማድ አያ ነው የምትለኝ።

"አያ፣ ደኅና ነህ? ምነው በሥራ ሰዓት?"

"ደኅና ነኝ። ላፕቶፑን እየተጠቀምሽበት ነው?"

"ልትወስደው ነው?"

"አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ከፍተሽው ታውቂ እንደሆነ ልጠይቅሽ ብዬ ነው።"

"ከፍቼውም አላውቅ። ሣጥን ውስጥ ነው ያለው" አለችኝ። ቆይታ ደግሞ፣ "ልከፍተው እያልኩ እጄ እምቢ አለኝ" አለች።

"እንዳትከፍቺው። እመጣለሁ።"

መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ጠብቄ በሚኒባስ ወረድኩ። ትክል ድንጋይን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጋቢዬን አወለቅኩ፤ ሳንጃ ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። የገበያ ቀን ነበር፤ የሰሊጥ ጆንያ የጫነ መኪና መንገዱን ዘግቶታል። እህቷ መናኸሪያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ፊቷ ባለቤቴን አይመስልም፤ አረማመዷ ግን ያው ነው። ከኋላዋ መሄድ ስላቃተኝ ጎን ለጎን ሆኜ ሄድኩ።

እናቷ ገበያ ነበሩ። ላፕቶፑን ከሣጥን ስታወጣው በነጠላ ተጠቅልሏል። ቻርጅ ላይ ሰክተነው እስኪነሳ ጠበቅን። ሲከፈት ጨዋታው እዚያው ነበር፤ ቁጥሩን አየሁት፣ የእኛው ነው። ሪፕሌዮቹም እዚያው ነበሩ፤ እሷ በጻፈቻቸው ስም ተደርድረዋል። እህቷ ጎንበስ ብላ "ሽሮ ያረረበት" የሚለውን አነበበችና በድንገት ሳቀች። ሳቋ እዚያው ወደ ልቅሶ ሄደ። ጠበቅኋት።

እሱኑ ከፈትኩት። ሠራተኞቹ ዛፉ ጋ ደረሱ። እርሻው እርሻ ሆነ። የሞተ ሰው የለም፣ የጎደለ ቤት የለም።

"እሷ የትኛዋ ናት?" አለችኝ እህቷ።

"ከእነዚህ ውስጥ የለችም። ይቺ ቀስት እጇ ናት። ይሄ የምናየው ደግሞ እሷ ያየችው ነው።"

እህቷ ጣቷን አንስታ ስክሪኑን፣ ቀስቷ ያለችበትን፣ ነካች። ቀስቷ ከጣቷ ሥር ወጥታ ሄደች።

ብዙ አየን። ያኔ ስንጫወት እኔ የማየው የራሴን ወገን ብቻ ነበር፤ እሷ የምትሠራውን ያየሁት አሁን ነው። ከተማዬን ልትይዝ ከመምጣቷ በፊት ሁልጊዜ ወደ እርሻዎቿ ተመልሳ አንድ ዙር ታያቸዋለች። አንድ ጊዜ ወታደሮቿን ወንዝ ላይ አቁማ አንዲት ሥራ ፈት ሠራተኛ ስትፈልግ አየኋት፤ እስክታገኛት ድረስ ጦርነቱ ቆሞ ጠበቀ።

የመጨረሻው ጨዋታ ክረምቱ ሊገባ ሲል የተጫወትነው ነው። ስም አላወጣችለትም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ የሰጠው ቁጥር ብቻ ነው ያለው። እዚያ ላይ ቀስቷ ቶሎ ቶሎ ትቆማለች። ትንሽ ትሠራና ትቆማለች። ከዚያ ከተማዋን ትታ፣ ካርታው ጥግ ላይ ወዳለች አንዲት ሐይቅ ሄደች። እዚያ ምንም የለም፤ ውኃ አለ፣ ሣር አለ፣ ለጌጥ ብለው ያስቀመጧቸው ሦስት አራት ሚዳቋዎች አሉ። ዕይታዋ እዚያ ቀረ። ሠራተኞቿ ያለ እሷ ይሠራሉ፣ ሚዳቋዎቹ ሣሩ ላይ ጎንበስ ቀና ይላሉ፣ ቀስቷ አትንቀሳቀስም።

"ደክሟት ነው" አልኩ። "እያረፈች ነው።"

"አይደለም" አለች እህቷ። "ሚዳቋዎቹን እያየች ነው። ልጅ ሳለን ከብት ውኃ ስናጠጣ እንዲሁ ናት፤ ከብቱ ጠጥቶ ይሄዳል፣ እሷ ወንዙ ዳር ትቀራለች። ስንቴ ተገርፋለች።"

"ያን ሰሞን መተንፈስ ያቅታት ነበር። አብሬያት ነበርኩ እኮ።"

"አውቃለሁ አያ። ግን አርፋ ቢሆን ከተማዋ ላይ ሆና ታርፍ ነበር። ሄዳለች እኮ። ፈልጋ ነው የሄደችው።"

እኔ በዚያው ሰዓት በካርታው በሌላኛው ጫፍ ወታደር ስሰበስብ ነበር። ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ምን እንደምታይ አላወቅኩም።

እናቷ ከገበያ ሲመለሱ አሁንም ሐይቁ ላይ ነበርን። ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ሳሙኝ፤ ከዚያ የማን ላፕቶፕ እንደሆነ አዩ።

"ፎቶዋ አለበት?" አሉ።

"የለበትም እማዬ" አለች እህቷ።

"ድምጿስ?"

"ድምጿም የለም።"

"እንግዲያ ምኗን ነው የምታዩ?"

እኔ በማስረዳት እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ፤ አንድም ቃል አልመጣልኝም። እህቷ ዱካ ሳበችላቸውና አጠገባችን ተቀመጡ። ቀስቷ በዚያ መሀል ከሐይቁ ተነስታ ወደ ከተማው ተመልሳ ነበር፤ እርሻዎቹ ላይ አንድ በአንድ እያለፈች ነው።

"ይሄን ሁሉ ያሳረሰች እሷ ናት" አለች እህቷ።

እናቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ያሸነፈችበት ሰዓት ሲደርስ ማሸነፏን አልነገርናቸውም፤ የእኔ ቤቶች ሲቃጠሉ ግን "ያ የማን ነው?" ብለው ጠየቁ። የእኔ ነው አልኳቸው። ዞረው አዩኝና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ።

ላፕቶፑን እዚያው ትቼ ጨዋታውን በፍላሽ ይዤ ተመለስኩ። አሁን ቤቴ ያለው ኮምፒውተር ኢንተርኔት አይነካም፤ ለሥራዬ በሌላ እጠቀማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ ከሥራ እንደገባሁ አንድ ሪፕሌይ እከፍት ነበር። አሁን እንደዚያ አይደለም። የእያንዳንዱን መጨረሻ አውቀዋለሁ፤ እሷም ከዚህ በፊት ካደረገችው ሌላ አታደርግም። ማፍጠን እችላለሁ፣ ማቆም እችላለሁ፣ ሌላ ምንም አልችልም።

ከእህቷ ጋር በየሳምንቱ እንደዋወላለን። ስለ ሐይቁ ነገር አሁንም አልተስማማንም። እሷ ሚዳቋ ነው ትላለች፣ እኔ ድካም ነው እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ተለዋውጠን እኔ ሚዳቋ ነው ስል እሷ "ኧረ ደክሟት ይሆናል" ትለኛለች። የምንጠይቀው ሰው የለም። ከዚያ እናቷ እንዴት እንደዋሉ እጠይቃታለሁ፤ እሷም ራት በልቼ እንደሆነ ትጠይቀኛለች።